ሰረዝ ሰረዝ፣ ማሽኑን አቁም

ከሰው ሁሉ የምፈራው ክፉውን አይደለም፤ አሳቢውን ነው። ክፉ ሰው ሲመጣ በራችሁን ትዘጋላችሁ፣ በቃ። አሳቢ ሰው ግን በሩን ራሱ ይዘጋላችሁና ቁልፉን ለጎረቤት አደራ ሰጥቶ «አብሽር፣ እኔ ጨርሼልሃለሁ» ብሎ ይደውላል። እናንተ ከውስጥ ናችሁ። እንዳትጮሁ ደግሞ ሰውየው ለእናንተው ብሎ ነው። ጭራሽ ምስጋና ይጠብቃል።

ይህን የምለው ሰው ጠልቼ አይደለም። ሰው እወዳለሁ፤ እንዲያውም ባለቤቴ «አንተ ሰው ካገኘህ ዳቦ ልትገዛ መውጣትህ ትዝ አይልህም» ትለኛለች። ይህን የምለው አንዲት ቀጭን የፕሮግራም አጻጻፍ መመሪያ አዘጋጅቼ፣ መመሪያዬን የነካት ሰው ሁሉ በቅን ልቦና ስለነካት ነው።

ሥራዬ ደሴ ውስጥ ኮምፒውተር ማስተማር ነው። ማስተማር ስል ደረቴን ነፍቼ አይደለም፤ ግማሹ ሥራዬ መብራት እስኪመጣ ድረስ ተማሪ ማጫወት ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ኮምቦልቻ እወርድና አንዲት የተከራየናት ክፍል ውስጥ ለፋብሪካ ሠራተኞች ፕሮግራም መጻፍ አሳያለሁ። ኮምፒውተሩ አንድ ነው፣ ተማሪው ብዙ ነው፤ ስለዚህ አንዱ ሲጽፍ ሌላው ትከሻው ላይ ተደግፎ ይተነፍሳል። ከሚተነፍሱት መካከል አንዷ አተነፋፈሷ ይለያል። ሰዓዳ ትባላለች።

ሰዓዳ ከቦሩ ሜዳ ገጠር መጥታ አንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ክር መፍተያ ክፍል ተቀጥራለች። ጎበዝ ናት፤ ቁጡም ናት። ጥጡ ግን ደረቷ ውስጥ ገብቷል። አንድ ዓረፍተ ነገር ጀምራ ሳትስል አትጨርስም። ሐኪሙም «ከብናኙ ካልወጣሽ መድኃኒቱ ብቻውን አያድንሽም» ብሏታል። ለሐኪም መናገር ቀላል ነው። ሥራውን ብትተው ከምን ትኖራለች?

እንዳጋጣሚ ፋብሪካው አዳዲስ ማሽኖች አስገባና መቆጣጠሪያ ክፍል ሠራ። በሩ መስታወት ነው፣ ውስጡ ጥጥ የለም፣ አየሩ እንደ ጥሩ ዝናብ ማግሥት ንጹሕ ነው አሉ። እዚያ የሚገቡት ከሠራተኛው መካከል ተፈትነው ነው፤ ፈተናው ደግሞ አጫጭር ፕሮግራም በወረቀት ላይ መጻፍ ነው። ያቺ ክፍል ለሌላው ሠራተኛ እድገት ናት። ለሰዓዳ ሳንባዋ ናት።

«መምህር፣ ትምህርቱን በወረቀት ያድርጉልኝ» አለችኝ። «ኮምፒውተሩ ለኔ የሚደርሰኝ ከሰው ትከሻ በላይ ነው። እኔ መድረሳ ስቀራ፣ በቃሌ ስይዝ ነው ያደግሁት። በወረቀት ካገኘሁትና ከቀራሁት፣ ወላሂ፣ ከራሴ አይወጣም።»

እሺ አልኳት። የፕሮግራም ቋንቋው መመሪያ በእንግሊዝኛ ነው፤ ፈረንጅ ለፈረንጅ የጻፈው ስለሆነ ሁሉን ነገር ታውቃለህ ብሎ ነው የሚጀምረው። እኔ ከሥር ጀምሬ፣ በአማርኛ፣ በምሳሌ ልጻፍላት ብዬ ተነሣሁ። እዚህ ላይ ትንሽ ታገሡኝና ስለዚህ ቋንቋ ጠባይ ላውራችሁ፤ ያለዚያ ምን እንዳቃጠለኝ አይገባችሁም።

ቋንቋው በዘንዶ ስም የተሰየመ ነው። ሌሎቹ ቋንቋዎች የትኛው ትእዛዝ የማን እንደሆነ በቅንፍ ያጥራሉ። ይኸኛው አጥር አይወድም፤ በባዶ ቦታ ነው የሚለየው። ከግራ ዳር በአራት ባዶ ቦታ ገባ ብሎ የተጻፈ መስመር ከበላዩ ላለው መስመር ታዛዥ ነው። ቃላቱ በእንግሊዝኛ ቢጻፉም ክፍል ውስጥ በአማርኛ እያልን ነው የምንለማመደው። ለሰዓዳ ከራሷ ሥራ ወስጄ ያዘጋጀሁት የመጀመሪያው ምሳሌ ይህ ነበር፦

ክር ከተበጠሰ፦
    ማሽኑን አቁም
    ደወል ደውል
ቁጥሩን መዝግብ

ማቆምና መደወል ክር ሲበጠስ ብቻ ነው፤ ቁጥሩን መመዝገብ ግን ተበጠሰም አልተበጠሰም ነው። ይህን የሚነግረን ያ ባዶ ቦታ ብቻ ነው። አንሱት፤ ኮምፒውተሩ «ማን የማን ነው?» ብሎ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል።

እንግዲህ እኔ እነዚህን ምሳሌዎች ሳሳምር የከረምኩትን አትጠይቁኝ። ፊደሉ ሁሉ እኩል ስፋት እንዲኖረው አደረግሁ። ከምሳሌው ጀርባ ግራጫ ቀለም አነጠፍኩ። ግራጫው በዛ ብዬ አቀለልኩት፤ ቀለለ ብዬ መለስኩት። ባለቤቴን ጠርቼ «የቱ ይሻላል?» ብላት፣ ሁለቱንም ትክ ብላ አይታ «ሽሮው አርሯል፤ እሱን ብታይልኝ ይሻላል» ብላኝ ሄደች። ገጣሚ ለስንኙ የማይጨነቀውን ያህል ለባዶ ቦታ ተጨነቅሁ። ከዚያ ያን ሁሉ ጭንቀቴን በፍላሽ ይዤ ላሳትም ሰኞ ገበያ ሰፈር እትዬ ሐዋ ዘንድ ወረድኩ።

እትዬ ሐዋ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አላቸው። ከዚያ ቀጭ ቀጭ ከሚለው የጽሕፈት መኪና ዘመን ጀምሮ ሲጽፉ የኖሩ ናቸው። ደሴ ውስጥ ከባሏ የተፋታች፣ ከወንድሙ የተካሰሰ፣ ቤት የሸጠ፣ ይግባኝ ያለ ሁሉ በእሳቸው ጣት ሥር አልፏል። ከእጃቸው የወጣ ማመልከቻ ግራና ቀኙ በውኃ ልክ የተገነባ ግድግዳ ነው። ደሴ ራሷ ተዳፋት ላይ የተሠራች፣ ቀጥ ያለ መንገድ ያልፈጠረባት ከተማ ናት፤ ቀጥ ያለ ነገር ማየት ያማረው ሰው ያለው ምርጫ የእትዬ ሐዋን ማመልከቻ ማየት ነው።

ፍላሹን ሰክተው ገጹን ሲያዩት ፊታቸው ተለወጠ።

«መምህር፣ ይሄን ማን ጻፈው?»

«እኔ ነኝ።»

«አንተ? የተማርከው ሰውዬ?» መነጽራቸውን ወደ ላይ ገፋ አድርገው እንደገና አዩት። «ምነው ታዲያ ዳሩ እንዲህ ጥርሱ ወላለቀ? ኧረ በአላህ! ሂድ፣ ሻይህን ጠጣ። አስተካክልልሃለሁ።»

እኔ የወረቀቱን ልክ የሚያስተካክሉ መስሎኝ ሄድኩ። ስመለስ መመሪያዬ ከግራም ከቀኝም ተላጭቶ ጠበቀኝ። አንድም ባዶ ቦታ የለም። ግራጫዬ የለም። ከላይ «ቢስሚላህ» ተጽፎበታል፤ ከሥሩ ተሰምሮበት «ጉዳዩ፦ የፕሮግራም አጻጻፍን ይመለከታል» ይላል፤ መጨረሻው ላይ «ከሰላምታ ጋር» የሚል ገብቶ የፊርማ ቦታ ተዘጋጅቶልኛል። ዘንዶው ፍርድ ቤት ቀርቧል።

«እትዬ ሐዋ» አልኩ እንደምንም ራሴን ይዤ፣ «እባክዎ ባዶ ቦታውን አይንኩት። ባዶ ቦታው ሥራ አለው።»

«ባዶ ቦታ ሥራ አለው?»

«አዎ።»

«ምን ይሠራል?»

«እ... እንዲሁ ባዶ ሆኖ ይቀመጣል።»

ያዩኝ አስተያየት እስካሁን አይረሳኝም። የታመመ ሰው ነው እንደዚያ የሚታየው። ቢሆንም ደግ ናቸው፤ «እሺ፣ ካልክ። ባዶ ቦታህን እጠብቅልሃለሁ» አሉኝ። ዋናውን ፋይል እንደገና ከቤቴ አምጥቼ፣ ለማን እንደሆነም ነግሬ ሰጠኋቸው። ይህን ጊዜ ወንበር ስቤ አጠገባቸው ልቀመጥ አስቤ ነበር። መብራት ጠፋ። መብራቱ ሲጠፋ ስልኬ ጮኸ፤ ገራዶ የአክስቴ ባል ሞቷል።

ወሎ ውስጥ ለቅሶ ሲጠራህ «ባዶ ቦታ እያስተካከልኩ ነው» አትልም። የሄድኩት እንደቆምኩ ነው። እዚያ ስልክ የሚሠራው አንዲት ጉብታ ላይ ወጥተህ ፊትህን ወደ ደሴ ስታዞር ነው። በማግሥቱ ጉብታዋ ላይ ወጥቼ ሳለሁ እትዬ ሐዋ ደወሉ።

«አብሽር መምህር! መብራት መጣ፣ አተምኩት፤ ባዶ ቦታህም ምንም አልሆነ። አንተ ለቅሶ ላይ ስለሆንክ እንዳትቸገር ብዬ ለይመር አስይዤዋለሁ። ኮምቦልቻ ለልጅቱ በእጇ ይሰጣታል።»

ይመር በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ሚኒባስ የሚነዳ ጎልማሳ ነው። በእኛ አገር ፖስታ ቤቱ እሱ ነው። መድኃኒት፣ ጫማ፣ የሙሽራ ልብስ፣ ምርቃት ሳይቀር ለይመር ታስይዛለህ፤ አንድም ነገር ጠፍቶበት አያውቅም። እኔም ጉብታዋ ላይ ቆሜ «አላህ ይስጥዎት፣ አላህ ዕድሜዎን ያርዝመው» እያልኩ እትዬ ሐዋን ስመርቅ፣ ያዩኝ ለቀስተኞች የሟች ውርስ የደረሰኝ ሳይመስላቸው አልቀረም።

ደሴ የተመለስኩት የሰዓዳ ፈተና ነገ ሊሆን ዛሬ ነው። ላመሰግን፣ የራሴንም ቅጂ ልወስድ ሰኞ ገበያ ጎራ አልኩ። እትዬ ሐዋ ፈገግ ብለው ወረቀቱን ዘረጉልኝ። እንዲህ ይላል፦

ክር ከተበጠሰ፦
----ማሽኑን አቁም
----ደወል ደውል
ቁጥሩን መዝግብ

ከዚያ በታች ያለው ሁሉ እንደዚሁ ነው። ባዶ የነበረ ቦታ ሁሉ ጥቅጥቅ ብሎ በሰረዝ ተሞልቷል።

«እትዬ ሐዋ፣ ምንድነው ይሄ?»

«ባዶ ቦታህ ነዋ! ጠበቅኩልህ።»

የውል ወረቀት አይታችሁ ከሆነ ታውቁታላችሁ። መስመሩ ሳይሞላ ካለቀ፣ ኋላ ሰው ቃል እንዳይጨምርበት የቀረው ቦታ በሰረዝ ይሞላል። እትዬ ሐዋ የእኔን ባዶ ቦታ እንደ ውል ነው ያሸጉልኝ። እንደሳቸው ሙያ ከሆነ ሥራው እንከን የለውም። በዘንዶው ቋንቋ ግን ሰረዝ ማለት መቀነስ ማለት ነው። ልጅቱ ፈተናው ላይ ይህን ብትጽፍ፣ ፈታኙ «ቀንስ ቀንስ ቀንስ ቀንስ ማሽኑን አቁም» ብሎ ምን ብሎ ያርመዋል?

ጮህኩ። አልዋሽም፣ ፎቶ ኮፒ ሊያስነሣ የቆመው ሰው ሁሉ እስኪዞር ድረስ ጮህኩ። «የሰው ነፍስ ነው የተጫወቱበት! ልጅቱ ደረቷ አልቋል! ያቺን ክፍል ካላገኘች ጥጡ ውስጥ ልትቀር ነው!»

እትዬ ሐዋ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። አልጮሁም።

«እናቴ ፊደል አትለይም ነበር» አሉ። «የቤታችንን አንዷን ክፍል ለማከራየት ወረቀት ላይ ጣቷን አኖረች። ወረቀቱ ላይ ባዶ ቦታ ነበረ። ኋላ ሸንጎ ፊት ሲነበብ ባዶው ቦታ ሞልቶ፣ ቤቱን በሙሉ ሸጣለች። እኔ ጽሕፈት የተማርኩት ያኔ ነው። ከዚህ ቤት ባዶ ቦታ ያለው ወረቀት ለሰው ሰጥቼ አላውቅም። አንተ ባዶው ያስፈልጋል ስትለኝ፣ ልጅቱን ሰው እንዳያታልላት ብዬ ነው።»

ምን ይባላል? ቁጣዬ እዚያው እግሬ ሥር ወደቀ። እኔ ባዶ ቦታን ሳስብ የምሳሌ ውበት ነው የሚታየኝ፤ እሳቸው ሲያስቡ እናታቸው ከቤቷ ስትወጣ ነው የሚታያቸው። እንዲህ ያለውን ነገር አንድ ሰው «አይንኩት» በሚል ቃል ማስረዳት ይቻላል ብሎ ማሰቡ ራሱ ጅልነት ነው፤ ጅሉም እኔ ነኝ።

«ልጅቱ ትወድቃለች?» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«እንጃ።»

«ታዲያ እዚህ ምን ትገተራለህ? ሂድ እንጂ!»

መናኸሪያ ስደርስ ተራው የይመር ነበር። «አንድ ሰው ብቻ ነው የቀረን፣ ግባ መምህር!» አለኝ። ያ አንድ ሰው እኔ መስዬው ነበር፤ አልነበርኩም። ከእኔ በኋላ ሌላ አንድ ሰው፣ ከዚያ ደግሞ ሌላ አንድ ሰው ተጠበቀ። ሰዓዳ ስልኳ አይነሣም፤ ሥራ ሲገቡ ስልካቸውን በር ላይ ነው የሚያስረክቡት። ከደሴ ኮምቦልቻ ቅርብ ነው ይላሉ። ከይመር ጋር ላልሄደ ሰው ነው። ቁልቁለቱ ላይ አንዷን በር ላይ ጠርቶ ጫማ አቀበላት፤ ትንሽ ወረድ ብሎ ለአንዱ መድኃኒት ሰጠ፤ ስለ አወሳሰዱም የሰማውን አስረዳ።

«ወረቀትህን በእጇ ነው የሰጠኋት» አለኝ በመስታወቱ እያየኝ። «እንዳይጨማደድ እዚህ ፊቴ ዘርግቼ ነው የወረድኩ። ሳነበው መጣሁ።»

«እየነዳህ?»

«ፕሮግራሙ አልገባኝም። ሰረዙ ግን ማሻአላህ፣ ያምራል።»

ጸለይኩ፤ ለሰዓዳም ለተሳፋሪውም።

የፋብሪካው በር ጋ የደረስኩት ሽፍት ሲወጣ ነው። ሴቶቹ ፀጉራቸው ላይ ጥጥ እንደነሰነሰባቸው ይጎርፋሉ። ሰዓዳ ከሩቅ አየችኝና እየሳለችም እየሳቀችም መጣች።

«መምህር! ለቅሶው እንዴት ነበር? አላህ ያጽናዎት። ወረቀቱ ደርሶኛል፤ ቀራሁት! ከዳር እስከ ዳር ቀራሁት!»

«ሙሉውን?»

«ሙሉውን። ኑ ላሰማዎት።»

በሩ አጠገብ ያለች ሻይ ቤት ገባን። ሰዓዳ ዓይኗን ጨፈነች፤ ወገቧን ይዛ ወዘወዝ ማለት ጀመረች። «ክር ከተበጠሰ ሁለት ነጥብ፤ ሰረዝ ሰረዝ ሰረዝ ሰረዝ ማሽኑን አቁም፤ ሰረዝ ሰረዝ ሰረዝ ሰረዝ ደወል ደውል፤ ቁጥሩን መዝግብ።» ዜማ አላት። ሁለተኛውን ምሳሌ አለችው፣ ሦስተኛውን አለችው። በየመካከሉ ሳሉ ያቋርጣታል፤ ደረቷን ይዛ ትጠብቀዋለች፣ ከተወችበት ትቀጥላለች። ሻይ ቤቱ ጸጥ ብሎ ያዳምጣል። ስትጨርስ ከጎናችን የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ እጃቸውን ፊታቸው ላይ አድርገው «አሚን» አሉ።

እኔ ሻዬ እጄ ላይ ቀዝቅዟል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ የሰዓዳ ጭንቅላትም እንደ ወረቀት ነው፣ አንዴ የያዘውን አይለቅም። ሞኙ ደግሞ ከፊቷ ተቀምጧል።

ነገርኳት። ሰረዝ የሚባል ነገር እንደሌለ፣ ቦታው ባዶ መሆን እንደነበረበት፣ እንዴት እንደሆነ፣ ሁሉን ነገርኳት። ዓይኗን ገልጣ አየችኝ።

«እኔ ይሄን የቀራሁት» አለች፣ «ከሽፍት ወጥቼ እግሬ ሳይታጠብ ነው። ስስል ቃሉ ይጠፋኛል፣ እንደገና እጀምራለሁ፤ ስስል ይጠፋኛል፣ እንደገና እጀምራለሁ። ሳይልኩልኝ በፊት አንዴ ማየት አቃተዎት?»

«ለቅሶ ላይ ነበርኩ።»

«ነገ ደግሞ የኔን ለቅሶ ይደርሳሉ።»

እውነቷን ነው። ግራጫ ቀለም ሲመርጥ የከረመ ሰው የታተመውን ገጽ ሳያይ መረቀ። አንዳንድ ጊዜ የምንደክመው ለሰው እየመሰለን ለራሳችን ዓይን ነው። ይህን እዚያ ሻይ ቤት ውስጥ ነው ያሰብኩት፤ ቀደም ብዬ ባስበው ጥሩ ነበር።

«በቃ፣ ሰረዙን አውጪውና...» አልኩ።

«አይወጣም!» ጠረጴዛውን መታችው። «የተቀራ ነገር እንዲህ ተመዝዞ አይወጣም። ሰረዙን ስመዝዘው ሌላውም ተከትሎት ይመዘዛል። ይኸው!» ሞከረችው። ሁለተኛው መስመር ላይ ተደናገራት፤ ደወሉንና ማሽኑን አቀላቀለቻቸው። ዓይኗ እንባ አቀረረ። ሰዓዳ ስታለቅስ አይቼ አላውቅም ነበር።

እንባዋን በእጇ ጀርባ ስትጠርግ ነው ነገሩ የመጣልኝ፤ ብልሃት ነው አልልም፣ ጭንቀት ነው።

«አታውጪው እሺ። ባለበት ይቀመጥ። ብቻ ሰረዝ በምትይበት ልክ አፍሽን ዝጊው። በልብሽ ቁጠሪው። አፍሽ ሲዘጋ እጅሽም ወረቀቱ ላይ ሳይጽፍ ይለፍ።»

ጣቷን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። «ክር ከተበጠሰ ሁለት ነጥብ።» ዝም። ጣቷ ትንሽ ሄደ። «ማሽኑን አቁም።» ዝም። ጣቷ ሄደ። «ደወል ደውል።» ቀና ብላ አየችኝ። ጭንቅላቴን ነቀነቅሁላት።

ችግሩ የመጣው ወደ ውስጥ ገባ፣ ከዚያም ገባ ብለው የተጻፉት ምሳሌዎች ላይ ነው። ባዶው ቦታ ሲረዝም ዝምታው ይረዝማል፤ ዝምታው ሲረዝም ሰዓዳ ሳታስበው አየር ትስባለች፤ አየር ስትስብ ደረቷ ይነሣባታል። አንዱ ላይ እንዲያ ስትል እስክትጎብጥ ድረስ ሳለች፤ የሻይ ቤቷ ባለቤት ውኃ ይዛ ሮጠች። እኔ ጀርባዋን ልምታ፣ አልምታ ብዬ እጄን አየር ላይ አንጠልጥዬ ቀረሁ። ያን ጊዜ ፈራሁ። ከፈተናው ይልቅ ለልጅቱ ፈራሁ። «ይቅር ሰዓዳ፣ ይበቃል» አልኳት።

«ምኑ ነው የሚበቃው?» አፏን ጠረገች። «ቀስ ብዬ እስበዋለሁ። አንዴ ደግሜ ላሰማዎት።»

ደገመችው። ቀስ እያለች። በየዝምታው ውስጥ ትንፋሿ ሲገባ ይሰማኛል፤ ዘይት እንዳልነካው ማጠፊያ ሲጢጥ ይላል፣ ግን ይገባል። ያን ሁሉ ባዶ ቦታ አንድም ሳታጎድል ሄደችበት። ስሰማት አንድ ነገር ታወቀኝ፦ እትዬ ሐዋ የመጀመሪያውን፣ ያን የተላጨውን ወረቀት ልከውላት ቢሆን ኖሮ፣ ባዶው የት የት እንደሆነ ከየት ታመጣው ነበር? እንደ ውል አሽገው ጠበቁላት፤ በመጥፎ ቁልፍ ቢሆንም ጠበቁላት።

ያን ቀን ደሴ አልተመለስኩም። በማግሥቱ ከጠዋት ጀምሮ ከፋብሪካው በር ውጭ ጥበቃው ጋ ቆሜ ዋልኩ።

«ልጅህ ናት?» አለኝ።

«ተማሪዬ ናት።»

«አይ፣ እንደ አቋቋምህ ልጅህ ናት» አለና የራሱን ዱካ አቀበለኝ።

እትዬ ሐዋ በየመሐሉ ይደውላሉ። «ገባች?» ገብታለች። «ወጣች?» አልወጣችም። «እኛ እዚህ ዱዓ ይዘናል፤ ፎቶ ኮፒ የመጣውን ሁሉ መጀመሪያ አሚን በል እያልኩ ነው።» ሰው ለመታወቂያ ኮፒ መጥቶ ለማያውቃት ልጅ አሚን ሲል ታየኝ፤ ጭንቀቴ ላይ ሳቅ መጣብኝ።

ሰዓዳ ስትወጣ ፊቷ አይነበብም።

«ሳልኩ» አለች። «አስወጡኝ፣ ውኃ ጠጣሁ። ስመለስ የት እንደደረስኩ ጠፋኝ። ከላይ ጀምሬ በልቤ ቀራሁትና አገኘሁት። የመጨረሻው ጥያቄ ግን ሰዓት አልደረሰልኝም።»

«ባዶ ቦታዎቹስ?»

«አንዱንም አልነካሁም። ጎኔ የተቀመጠው ሰውዬ ጣቴ ወረቀቱ ላይ ዝም ብሎ ሲሄድ አይቶ የምደግምበት መስሎት ወንበሩን አራቀ።»

ውጤቱ እስኪለጠፍ ድረስ የሆንኩትን አላወራችሁም፤ ባለቤቴን ጠይቁ። አንድ ማለዳ ይመር ከኮምቦልቻ ደወለ። የፋብሪካው ማስታወቂያ ሰሌዳ ፊት ቆሟል፤ ማን እንደላከው አላውቅም፣ ምናልባት ማንም አልላከውም። ያለፉትን ስሞች ከላይ ጀምሮ አነበበልኝ። አንዱ ስም አለቀ፣ ሌላው አለቀ፣ የሰዓዳ የለም። «ኧረ ከሥር ጀምር!» ብዬ ጮህኩበት። የመጨረሻው ስም የእሷ ነበር።

ሰዓዳ መስታወት በር ካላት ክፍል ከገባች ቆየች። ሥራ በዝቶባት ቅዳሜ ትምህርት መምጣቱን ተወች፤ እኔም አልጠየቅኋትም። ባለፈው ሰሞን፣ ከሰዓት በኋላ፣ ክፍል ውስጥ መብራት አጥተን ተማሪ እያጫወትኩ ሳለ ደወለች። ወደ በረንዳው ወጣሁ። ቁምነገር ያላት መስሎኝ ነበር፤ የለም፣ የበግ ወሬ ነው። ለእናቷ ለዓረፋ ብላ በግ ገዝታ ቦሩ ሜዳ ድረስ በሰው ልካላት፤ በጉ ሌሊቱን ገመዱን በጥሶ የጎረቤት ጓሮ ገብቶ፤ ጎረቤትየዋ ዱላ ይዛ ስትወጣ በጉ ዱላውን አይቶ ወደ ቤቷ ገብቶ፤ ባሏ ተኝቶ ኖሮ በጉ እላዩ ላይ ወጥቶ፤ እናቷ «በጌን» ስትል ጎረቤትየዋ «ባሌን» ስትል። ትስቃለች። እየሳቀች ታወራለች። ሰውየው እንዴት ብሎ እንደጮኸ ድምፁን አስመስላ ጮኸችልኝ፣ እንደገና ሳቀች፣ ወሬዋን ካቆመችበት አነሣችው፣ ቀጠለች።

እኔ ሰው ሲያወራ ጣልቃ ካልገባሁ የሚያመኝ ሰው ነኝ። በበግ ላይ ደግሞ የማውቀው ወሬ ብዙ ነው። ያን ቀን ግን በረንዳው ላይ ቆሜ ትንፍሽ አላልኩም። ሰዓዳን ባወቅሁበት ዘመን ሁሉ ስትስቅ እጇን አፏ ላይ ትጭን ነበር፤ ሳቅ ሳሉን ይቀሰቅስባታል። ይኸው ስታወራ ብዙ ቆየች፤ አንድ ጊዜም አልሳለችም። እሷ ይህን ልብ ያለችው አልመሰለኝም። ስለ በጉ ብቻ ነበር የምታስበው።

«መምህር?» አለችኝ ድንገት። «ዝም አሉ። መስመሩ ተቋረጠ እንዴ?»

«አልተቋረጠም» አልኳት። «ቀጥይ።»